የመስከረም ማዕድ፣ የመስከረም ቤት

የመስከረም ወር ሁለት ታላላቅ በዓላትን ተሸክሞ ይገባል፤ አንደኛው ወሩ በባተበት ዕለት የሚከበረው ዕንቁጣጣሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው በ16 ምሽት በደመራ ተጀምሮ በ17 የሚውለው መስቀል ነው። በቤተ ክርስቲያን የዘመን አከፋፈል ክረምት መስከረም 25 ላይ አብቅቶ መፀው፣ ማለትም የአበባና የእሸት ወቅት፣ በማግስቱ ስለሚጀምር፣ ሁለቱም በዓላት የሚውሉት ዝናቡ በመገባደድ ላይ ሳለ፣ በመፀው ደጃፍ ላይ ነው። በዚሁ ሰሞን ወላይታ ጊፋታን፣ ሐድያ ያሆዴን፣ ከምባታ መሳላን፣ ጋሞ ዮ ማስቃላን ያከብራሉ፤ ኦሮሞም ከመስቀል በኋላ እርጥብ ሣርና አበባ ይዞ በኢሬቻ ለፈጣሪው ምስጋና ያቀርባል። በዓላቱ በእምነትም ሆነ በባህል መሠረታቸው የተለያዩ ቢሆኑም፣ በሁሉም ዘንድ ቤት የሚጸዳበትና ማዕድ የሚሰናዳበት መንገድ ወቅቱ በሚሰጠውና በሚነፍገው ነገር የተቃኘ ነው። የዚህ ምዕራፍ ዓላማም የመስከረም ምግብና የመስከረም የቤት ጌጥ ለምን እንዲህ እንደሆኑ ማስረዳትና ከዚያ የሚገኘውን ተግባራዊ ትምህርት ማሳየት ነው።

ከአዝመራ በፊት የሚመጣ በዓል

በሰሜኑ የዓለም ክፍል በዚሁ ወቅት የሚከበሩት በዓላት በአብዛኛው የመከር መዝጊያ ናቸው። በአሜሪካ በኖቬምበር አራተኛው ሐሙስ፣ በካናዳ ደግሞ በኦክቶበር ሁለተኛው ሰኞ የሚውለው የምስጋና ቀን የሚመጣው ስንዴው ከታጨደ፣ በቆሎው ከተሸለቀቀና ዱባው ከማሳ ከተነሣ በኋላ ስለሆነ፣ ማዕዱም ሆነ የቤቱ ጌጥ የሞላ ጎተራ ምልክት ነው። የመስከረም በዓላት ግን በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ የሚውሉት ከመከሩ በፊት ነው። በሐምሌና በነሐሴ የተዘራው ጤፍ ገና አረንጓዴ ነው፤ የሚታጨደውም በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። በጎተራው ያለው እህል ያለፈው ዓመት ትራፊ በመሆኑ፣ በገጠር ቤት መስከረም እህል የሚሳሳበት ወር ነው።

ነገር ግን እህል በሚሳሳበት በዚሁ ወር ሌላው ሁሉ ይበዛል። ሦስት ወር የዘነበበት መስክ ሣሩ ስለሚያድግ ከብቱ ይጠግባል፤ ላሟ ወተቷ ይጨምራል፤ ቅቤና አይብ ከቤት አልፎ ለገበያ ይተርፋል። በጓሮ ጎመኑ ይለመልማል፤ ድንቹ ይቆፈራል፤ የበቆሎው እሸት ለጥብስና ለቅቅል ይደርሳል። የመስከረም ማዕድ ከእህል ይልቅ በቅቤ፣ በሥጋ፣ በአይብና በጎመን ላይ የሚያተኩረው፣ ቤቱም በነዶ ሳይሆን በእርጥብ ቄጠማና በአደይ አበባ የሚያጌጠው በዚህ ምክንያት ነው። በዓሉ የተሰበሰበውን ከማሳየት ይልቅ የለመለመውን ያሳያል።

ከአንድ የእርጎ ቅል የሚወጣው

የወተቱ መብዛት በበዓሉ ማዕድ ላይ እንዴት እንደሚታይ ለመረዳት የአንድ መናጫ ቅል እርጎን ጉዞ መከተል ይበቃል። ለጥቂት ቀናት ተጠራቅሞ የረጋው ወተት ሲናጥ በውስጡ የተበተኑት የስብ ጠብታዎች እየተጋጩና እየተያያዙ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ይህ ለጋ ቅቤ ሲሆን፣ ከሥሩ የሚቀረው ፈሳሽ አሬራ ይባላል። አሬራው በለስላሳ እሳት ሲሞቅ ፕሮቲኑ እየረጋ ከውኃው ይለያል፤ የረጋው አይብ ነው፣ የሚጠልለው ፈሳሽ ደግሞ አጓት ነው። እሳቱ ከበረታና አሬራው ከተንፈቀፈቀ አይቡ ይደርቃል፣ ጥፍጥናውም ይቀንሳል፤ ስለዚህ ባለሙያዋ ሴት ድስቱን ከእሳት የምታወርደው ውኃው ጠርቶ እንደተለየ ነው፤ ከዚያም ሳታማስል እንዲበርድ ትተወዋለች።

ለጋው ቅቤ በውስጡ ውኃና የወተት ፕሮቲን ስለሚይዝ በቶሎ ይበላሻል። ቅቤ ማንጠር የሚባለው ሥራ ይህን ችግር ይፈታል፤ ቅቤው በዝግታ ሲሞቅ ውኃው ይተናል፣ አረፋው ይገፈፋል፣ ፕሮቲኑም ወደ ታች ይዘቅጣል፤ የቀረው ጥሩ ስብ ረጅም ጊዜ ይቆያል። ኮሰረት፣ በሶብላ፣ አብሽ፣ እርድ፣ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል የሚገቡት በዚህ ጊዜ ነው፤ የቅመማቱ መዓዛ በአብዛኛው ከውኃ ይልቅ በስብ ውስጥ የሚሟሟ በመሆኑ ቅቤው መዓዛውን ስቦ ይይዘዋል። ቅመሙ እንዳያር እሳቱ ዝቅ ማለት አለበት፤ ያረረ አብሽ መላውን ቅቤ ያመርረዋልና።

ዶሮ ወጥና ትዕግሥቱ

በከተማም ሆነ በገጠር የዕንቁጣጣሽ ማዕድ ራስ ዶሮ ወጥ ነው። በልማድ ዶሮው በአሥራ ሁለት ብልት ይከፈላል፤ ከእነዚህም ፈረሰኛ የሚባለው ብልት ለአባወራው የሚቀርብ ሲሆን፣ ቅልጥሙ፣ መላላጫውና ክንፉ ለሌላው ቤተሰብና ለእንግዳ ይዳረሳል። ብልቱ በሎሚና በጨው ደጋግሞ የሚታጠበው ጠረኑ እንዲጠፋ ነው፤ ይሁን እንጂ ሎሚ ተሕዋስያንን ስለማያስወግድ ዶሮው የተበለተበት መክተፊያና ቢላዋ በሳሙና ሳይታጠብ ለሰላጣ ወይም ለዳቦ መዋል የለበትም።

የወጡ ጣዕም የሚወሰነው ዶሮው ከመግባቱ በፊት ነው። ለአንድ የሐበሻ ዶሮ እስከ ሁለት ኪሎ የሚደርስ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ተከትፎ ያለ ዘይት በድስት ይቁላላል። ሽንኩርት ከክብደቱ ወደ ዘጠና በመቶ የሚጠጋው ውኃ በመሆኑ፣ ይህ ውኃ ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ የድስቱ ሙቀት ከውኃ መፍያ ነጥብ አያልፍም፤ ያም በአዲስ አበባ ከፍታ 92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። ውኃው ሲያልቅ ግን ሙቀቱ ይጨምራል፣ የሽንኩርቱ ስኳር ይጠቁራል፣ ወጡን የሚያወፍረውና ጣፋጭ ቃና የሚሰጠው ቁሌትም ያኔ ይሠራል። በችኮላ ዘይት ወይም ውኃ የተጨመረበት ሽንኩርት ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ወጡም ምንም ያህል ቢቆይ ሽንኩርቱና መረቁ ተለያይተው ይቀራሉ።

ቀጥሎ ዘይት ወይም ቅቤ፣ ከዚያም በርበሬ ይገባል። የበርበሬው ቀለምና የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር በስብ የሚሟሙ ስለሆኑ፣ በርበሬው በስቡ ውስጥ ጥቂት ጠብ እየተደረገበት በዝግታ ሲበስል ጥሬ ሽታው ይጠፋና ወጡ ቀይ ወዝ ያወጣል። የሐበሻ ዶሮ እየተራወጠ ያደገ በመሆኑ ሥጋው ጠንካራ ነው፤ ጅማቱና ቆዳው የያዙት ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ወደሚያጣብቅ ፈሳሽ የሚለወጠው በረጅም ጊዜ ቀስ በቀስ ሲበስል ብቻ ነው። በእርባታ ያደገ የፈረንጅ ዶሮ ግን በዚያው ጊዜ ይፈራርሳል፤ ስለዚህ በእሱ የሚሠራ ሰው ቁሌቱን ሙሉ ለሙሉ አብስሎ ዶሮውን ዘግይቶ ማስገባት ይኖርበታል። መከለሻውና የተቀቀለው ዕንቁላል የሚጨመሩት መጨረሻ ላይ ነው። የተረፈ ወጥ በትልቅ ድስት ውስጥ እንዳለ ማደር የለበትም፤ ጠለቅ ባላሉ ዕቃዎች ተከፋፍሎ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢገባ ለማግስቱ ይደርሳል።

ክትፎ፣ ቆጮና የጉራጌ መስቀል

ከመከር በፊት የሚመጣ በዓል ትልቅ ድግስ ሊኖረው የሚችልበትን መንገድ ከጉራጌ መስቀል በላይ የሚያሳይ የለም። የጉራጌ ምድር ዋና ተክል እንሰት ነው። እንሰት እንደ ጤፍ በአንድ ወቅት ተዘርቶ በአንድ ወቅት የሚታጨድ ሳይሆን ለዓመታት በጓሮ ቆሞ የሚጠብቅ ተክል ስለሆነ፣ ቤተሰቡ በፈለገው ጊዜ ይፍቀዋል፤ የተፋቀው ቅጠል በተነጠፈበት ጉድጓድ ውስጥ ተቀብሮ ሲብላላ ቆጮ ይሆናል፤ ቆጮውም ለረጅም ወራት ይቀመጣል። ስለዚህ በመስከረም የእህል ጎተራ ቢጎድልም የእንሰት ጉድጓድ አይጎድልም። በከተማ የሚነግደውና የሚሠራው የጉራጌ ተወላጅ ለመስቀል ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ የሚጠብቀው ማዕድም ወራት አስቀድሞ የታሰበበት ነው፤ ሴቶች ቅቤ ያጠራቅማሉ፣ ወንዶች ለበሬ መግዣ ገንዘብ ያዋጣሉ።

የማዕዱ ማዕከል ክትፎ ነው። ጅማትና ስብ የሌለው ቀይ ሥጋ በሰላ ቢላዋ በደቃቁ ይከተፋል፤ ከዚያ በለዘበ ንጥር ቅቤ፣ በሚጥሚጣና በኮረሪማ ይታሽና በሸክላ ጣባ ከአይብ፣ ከጎመንና ከቆጮ ጋር ይቀርባል። አቀራረቡ የራሱ ምክንያት አለው፤ የሥጋውንና የቅቤውን ክብደት የአይቡ ለዘብታ፣ የጎመኑ አረንጓዴ ቃናና የቆጮው ኮምጣጣነት ያመጣጥኑታል። ጥሬ ሥጋ ግን የኮሶ ትል የሚባለውን ጥገኛ ትል ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የትሉ እጭ በከብቱ ጡንቻ ውስጥ ተደብቆ ስለሚኖር በሎሚም ሆነ በሚጥሚጣ አይሞትም፤ የሚሞተው ሥጋው እስከ ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ ነው። ሐኪም የታረደውን ከብት በመረመረበት ቄራ የታረደ ሥጋ መግዛት አደጋውን ይቀንሰዋል፤ ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮችና ለአቅመ ደካሞች ግን የበሰለው ክትፎ መመረጥ አለበት፤ ለብለቡ ውስጡ ጥሬ ስለሚቀር እንደ በሰለ አይቆጠርም።

በሌላው አካባቢ አንድ ቤተሰብ ብቻውን በሬ መጣል ስለማይችል ጎረቤት ተሰባስቦ በቅርጫ ያርዳል። ቅርጫ ማለት በጋራ የተገዛውን ከብት ሥጋ ከእያንዳንዱ ብልት እኩል እያደረሱ በመደብ መከፋፈልና በዕጣ መውሰድ ነው። ስለዚህ የቅርጫ ሥጋ የሚደርሰው ሰው ለክትፎ የሚሆነውን፣ ለጥብስ የሚሆነውንና ለቅቅል የሚሆነውን ለይቶ ማቀድ ይገባዋል።

ቤቱ የሚለብሰው

የመስከረም የቤት ዝግጅት ጌጥ ከመሆኑ በፊት ጥገና ነው። ክረምቱ የጭቃ ግድግዳን ይሸረሽራል፣ ወለሉን ያረጥባል፣ ጣሪያውን ያስነጥባል፤ ስለዚህ በጳጉሜን ግድግዳው በጭቃና በእበት ተለቅልቆ በነጭ አፈር ወይም በኖራ ይቀባል፣ ሰሌኑና አጎዛው ፀሐይ ላይ ይሰጣል። በከተማ ቤት ደግሞ ሻጋታ የያዘውን የግድግዳ ጥግ ሳያጸዱና ሳያደርቁ ቀለም መቀባት ሻጋታውን ለጥቂት ሳምንታት ከመሸፈን በቀር ጥቅም ስለሌለው፣ መስኮት ከፍቶ ማናፈስ ከቀለም መቅደም አለበት።

ከጥገናው በኋላ ጉዝጓዙ ይከተላል። ቄጠማ በረግረግና በወንዝ ዳር የሚበቅል፣ ሲረገጥ ደስ የሚል እርጥብ ሽታ የሚሰጥ ተክል ነው። በአፈር ወለል ላይ ሲጎዘጎዝ አቧራውን ይይዛል፣ ቤቱንም ያቀዘቅዛል፤ በሴራሚክና በእምነ በረድ ወለል ላይ ግን ሊያንሸራትትና ቀለሙን ሊተው ስለሚችል፣ ከመግቢያው መራቅና በረከቦቱ ዙሪያ ብቻ ሳሳ ብሎ መበተን ይሻለዋል። የደረቀ ቄጠማ በቀላሉ ስለሚቀጣጠል የቡና ከሰልና የዕጣን ማጨሻ ባለበት ቤት በየዕለቱ ተጠርጎ በአዲስ መተካት አለበት። ከሰል ራሱም ሽታ የሌለው መርዛማ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ ብርዱ ቢያስቸግርም መስኮትና በር ተዘግቶ ቡና አይፈላም።

የወሩ አበባ አደይ ናት። በሳይንሳዊ ስሟ ባይደንስ ማክሮፕቴራ የምትባለው ይህች ቢጫ አበባና በዚሁ ስም የሚጠሩት የቅርብ ዘመዶቿ ዝናቡ ሲያባራ ከመስከረም እስከ ኅዳር መስኩንና የማሳውን ዳር ይሸፍናሉ። በዕንቁጣጣሽ ልጃገረዶች በየቤቱ እየዘፈኑ ሲያድሏት፣ ወንዶች ልጆች ደግሞ በወረቀት የሣሉትን የአበባና የመላእክት ሥዕል ያበረክታሉ፤ በብዙ ቤቶች ሥዕሉ በግድግዳ ላይ ተለጥፎ ስለሚሰነብት ከበዓሉ ጌጦች ሁሉ በርካሽ የሚገኘውና ረጅም ዕድሜ ያለው እሱ ነው። የተቀጠፈ አደይ ግን ቶሎ ይጠወልጋል፤ ግንዱ ውስጥ ውኃ የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቱቦዎች በአየርና በባክቴሪያ ስለሚደፈኑ ነው። ግንዱን በሰላ ቢላዋ በሰያፍ መቁረጥ፣ ውኃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል መመልመልና ውኃውን በየቀኑ መለወጥ ዕድሜውን በቀናት ያራዝመዋል። ከሥር መንቀል ግን ለሚቀጥለው ዓመት የሚረግፈውን ዘር ስለሚያሳጣ፣ ከአንድ ቦታ ሁሉንም ሳይነቅሉ እየመረጡ መቅጠፍ የአበባውን ነገ መጠበቅ ነው።

ከአበባው ሌላ የቤቱ ቋሚ ጌጥ ስፌቱ ነው። መሶቡ፣ ሰፌዱና ሙዳዩ የሚሰፉት ከስንደዶና ከአክርማ ሣር ሲሆን፣ በቀለም የተነከረው አለላ ሐረጉን ይሰጠዋል። ስንደዶው የሚነቀለውም ክረምቱ ካበቃ በኋላ ስለሆነ፣ በአንድ በኩል ያለፈው ዓመት ስፌት በግድግዳው ተሰቅሎ ሲታይ፣ በሌላ በኩል የመጪው ዓመት ስፌት ጥሬ ዕቃ ይዘጋጃል። ደመራው ደግሞ ጌጡን ከቤት ወደ አደባባይ ያወጣዋል፤ ችቦው በአደይ ታስሮ ይደመራል። የመስቀል በዓል አከባበር በ2006 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ የሰው ልጆች ቅርሶች መዝገብ መስፈሩም ይህን የጋራ ዝግጅት ያካትታል።

ጾምና በዓል ሲገናኙ

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ረቡዕና ዓርብ የጾም ቀናት ናቸው፤ ዕንቁጣጣሽም ሆነ መስቀል በእነዚህ ቀናት ሲውሉ ጾሙ አይሻርም። በ2017 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ረቡዕ፣ መስቀል ደግሞ ዓርብ በመዋላቸው ሁለቱም በዓላት በጾም ቀን ተከብረዋል። እንዲህ ባለ ዓመት ብዙ ቤተሰብ ዶሮውን ወደ ማግስቱ ያሻግራል፤ ነገር ግን የዕለቱ ማዕድ ድሃ መሆን የለበትም። ከላይ የተገለጸው የቁሌት ስልት በዘይት ሲሠራ ለምስር ወጥና ለዱባ ወጥ ያንኑ ውፍረትና ቃና ይሰጣል፤ በኮባ ቅጠል ተጠቅልሎ የተጋገረ ድፎ ዳቦ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት፣ ጎመን በዘይትና የሱፍ ፍትፍት ከወቅቱ ገበያ በቀላሉ የሚሰናዱ ናቸው።

በባዕድ አገር መፀው

በአሜሪካና በአውሮፓ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን መስከረምን የሚያከብሩት ቅጠል ወደ ቢጫና ወደ ቀይ በሚለወጥበት ሰሞን ነው። አደይ ባይገኝም ቢጫ የሱፍ አበባና ቢጫ ዴዚ በየገበያው የሚሞሉበት ጊዜ በመሆኑ ምትክ አይታጣም። በአሜሪካ ለሚኖረው ምእመን ግን ሌላ ጥያቄ በኖቬምበር ይመጣል። የምስጋና ቀን የሚውለው ከኖቬምበር 22 እስከ 28 ባለው ሐሙስ ሲሆን፣ ጾመ ነቢያት ደግሞ ኅዳር 15 ቀን፣ ማለትም በአብዛኛው ኖቬምበር 24 ስለሚገባ፣ የተርኪው ማዕድ በብዙ ዓመታት ከጾሙ ጋር ይገጥማል።

እዚህ ላይ መፍትሔው በየደጃፉ ለጌጥ ከሚደረደረው ዱባ ይገኛል። ለመቅረጽ የሚሸጠው ትልቁ ዱባ ሥጋው ውኃማና ጭረታም ስለሆነ ለወጥ አይመችም፤ ትንሹና ክብደት ያለው የፓይ ዱባ ወይም በተርነት የሚባለው ቅል መሳይ ዱባ ግን ጥሩ የጾም ወጥ ይወጣዋል። ያልተቆረጠ ዱባ በቀዝቃዛና በደረቅ ቦታ ለወራት ስለሚቆይ፣ በኦክቶበር ደጃፍ ያስጌጠው በኖቬምበር ድስት ሊገባ ይችላል። የተቀረጸውና ሻማ የበራበት ግን ወዲያው መበስበስ ስለሚጀምር ለምግብ አይሆንም።

ስለዚህ ለመፀው በዓል የሚዘጋጅ ቤተሰብ ከዕቃ ግዢ በፊት ሁለት ነገር ማየት ይገባዋል፤ ቀኑ ጾም ነው ወይስ ፍስክ፣ ገበያውስ ያበዛው ምንድን ነው። ወቅቱ ያበዛውን የሚገዛ ሰው ወጪው ይቀንሳል፣ ማዕዱም ይጣፍጣል፣ ጌጡም በበዓሉ ማግስት ቆሻሻ ሆኖ አይቀርም። በ2019 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ዓርብ፣ መስቀል ደግሞ እሑድ ይውላሉ፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት ዕንቁጣጣሽ የዱባ ወጥና የእሸት ነው፣ ዶሮውና ክትፎው የመስቀሉ ናቸው።